ዳገቱን ከመውጣታችን በፊት፦ የበጋ ዕረፍትን በስሜን ተራሮች ለማሳለፍ ለሚያስቡ ቤተሰቦች



ከጥቂት ወራት በፊት በውጭ አገር የሚኖር አንድ ዘመዳችን ስልክ ደውሎ ከልጆቻችን ጋር ሲጫወት፣ «እኛ በክረምቱ ዕረፍት ልጆቹን ይዘን ተራራ ልንወጣ ነው፤ እናንተስ ምን አሰባችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው። የ11 ዓመቷ ልጃችን ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «በክረምት? በዚያ ሁሉ ጭቃ?» አለችው። እሱ ባለበት አገር ክረምት ማለት ታኅሣሥና ጥር መሆኑን፣ ያም በረዶ የሚወርድበት ወቅት መሆኑን ማስረዳት ነበረብን። በእኛ አገር ግን እነዚያው ወራት በጋ ናቸው። ዝናቡ አብቅቶ፣ እህሉ ተወቅቶ፣ መንገዱ ደርቆ፣ ከጣና ማዶ ያለው አገር ጥርት ብሎ የሚታይበት ጊዜ ነው። ተራራ መውጣት የሚቻለውም ያኔ ነው።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ልጅቷ ወደ እኛ ዞራ፣ «ታዲያ እኛ መቼ ነው የምንወጣው?» አለች። መልስ አልሰጠናትም። ዝም ያልነው ተራራ ስላጣን አይደለም። ዝም ያልነው በጥር 2012 ዓ.ም. ያሳለፍነው አንድ ሌሊት ትዝ ብሎን ነው። የዛሬው ጽሑፋችን መነሻም ያ ሌሊትና ልጅቷ የጠየቀችው ጥያቄ ናቸው። ከቤተሰብ ጋር ተራራ ለመውጣት ማሰብ መልካም ነው፤ ነገር ግን እንዴት ነው የሚታሰበው?

ከጣና ዳር ቀና ብለን ስናይ

እንደሚታወቀው የባሕር ዳር ሰው ስለ ዕረፍት ሲያስብ ቀድሞ የሚታየው ውሃ ነው። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን፣ በአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ሆኖም ይህ ውሃ ራሱ ከተራራ የመጣ መሆኑን ልብ የምንለው ስንቶቻችን ነን? ርብና ጉማራ ከደብረ ታቦር አጠገብ ካለው፣ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ወርደው ወደ ጣና ይገባሉ። ግልገል ዓባይ ከሰከላ፣ መገጭ ደግሞ ከጎንደር በኩል ይመጣሉ። ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ውዱእ የምናደርግበት ውሃ የጉናን አለት አጥቦ የወረደ ነው ማለት ነው። ቁርኣን ተራሮችን የፈጣሪ ምልክት አድርገን እንድናስተነትናቸው በተደጋጋሚ ይጋብዘናል። ልጆቻችንም ተራራን በመጽሐፍ ላይ ከሚያዩት ይልቅ በእግራቸው ቢያውቁት እንመርጣለን።

ከሁሉም በላይ ስሙ የሚነሣው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከጎንደር እስከ ደባርቅ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርሶችን መመዝገብ ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዱ ስሜን ነበር፤ ሌላው የአገራችን ሥፍራ ላሊበላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ፣ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጥቷል። በዓለም ላይ ከዚህ ሌላ የትም የማይገኘው ዋልያ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይታየው ሣር በሊታ ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ቀይ ቀበሮው፣ ጅብራው፣ አስታውና ጓሳው እዚያ አሉ። የአገራችን ከፍተኛ ጫፍ ራስ ዳሽንም ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በዚያው በስሜን ይገኛል።

ይህ አገር ለሙስሊሙ ማኅበረሰብም ባዕድ አይደለም። በድሮ ዘመን ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚመጣው የሲራራ ንግድ በሊማሊሞ ዳገት በኩል ያልፍ ነበር። ከበቅሎዎቹ ኋላ ዳገቱን ሲወጡ ከነበሩት ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። በፓርኩ ውስጥ የነበረው የጊች መንደር ነዋሪዎችም አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ፓርኩን ለመጠበቅ ሲባል በ2008 ዓ.ም. ገደማ ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛውረዋል። ዛሬ ጊች ላይ የሚታየው ሰፊ ሜዳ ትናንት የሰው ደጅና የገብስ ማሳ እንደነበር ለልጆቻችን መንገር ይገባናል። አንድን ሥፍራ ስናደንቅ፣ እሱ እንዲጠበቅ ሲባል ቤታቸውን የለቀቁ ሰዎች መኖራቸውን ማወቅም ከአደቡ ነው።

በጥር 2012 የሆነው

በዚያ ዓመት፣ በመንፈቀ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት፣ እኛ ጥቂት መምህራን የመድረሳ ተማሪዎቻችንን ይዘን ወደ ስሜን ለመሄድ ተነሣን። ዕቅድ የምንለው ነገር አንድ ገጽ ወረቀት ነበር። መኪና፣ ምግብ፣ ብርድ ልብስ የሚሉ ሦስት መስመሮች ነበሩበት። ፈጅርን ሰግደን ከባሕር ዳር ወጣን። ጎንደር ላይ ምሳ በላን፤ ደባርቅ ላይ የፓርኩን ክፍያ ከፍለን ስካውት ይዘን፣ ጊዜ ለመቆጠብ ብለን በዚያው ቀን በመኪና እስከ ጨነቅ ዘለቅን። ጠዋት 1,800 ሜትር ላይ የነበሩ ልጆች ማታ ከ3,600 ሜትር በላይ ላይ እንዲተኙ አደረግን። ምን እያደረግን እንደሆነ አላወቅንም ነበር።

ከዒሻ በኋላ አንድ የ13 ዓመት ተማሪያችን ራሱን አመመው። መንገዱ ነው አልን። አስመለሰው፤ ምሳው ነው አልን። ሻይ ሰጠነው፤ ጋቢ ደረብንለት። እኩለ ሌሊት ላይ ለመሽናት ሲነሣ እግሩ እየተጠላለፈ እንደ ሰካራም ተንገዳገደ። ከእኛ ጋር የነበረው ስካውት፣ ዕድሜው የገፋ አባት፣ ባትሪውን አብርቶ ልጁን ትክ ብሎ አየውና፣ «ይኼን ልጅ ከፍታው ይዞታል። መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ አሁኑኑ አውርዱት» አለን። እኛ ግን ተከራከርን። ጨለማ ነው፣ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ሹፌሩ ደክሞታል፣ ይንጋና እንወርዳለን አልን። ማን እንደሚወስን ስላልተስማማን አንዱ ሲያመነታ ሌላውም አመነታ። በዚህ ዓይነት ሁለት ሰዓት ያህል አለፈ። በመጨረሻ ሹፌሩ ራሱ ተነሥቶ ሞተሩን አስነሣ። ደባርቅ ስንደርስ ልጁ መናገር ጀመረ፤ ጠዋት ላይ ቁርስ ጠየቀ። አልሐምዱሊላህ!

በኋላ ሐኪም ጠይቀን እንደተረዳነው፣ ያ መንገዳገድ ከፍታው ጭንቅላት ላይ ጉዳት ማድረስ መጀመሩን ያሳያል። ሁለት ሰዓት ቀርቶ ግማሽ ሰዓትም መጠበቅ አልነበረብንም። አላህ በእዝነቱ አተረፈው እንጂ እኛ አላተረፍነውም።

የእናትየዋ ጥያቄ

ልጃችን ያነሣችው ጥያቄ ከቤት ወጥቶ ጎረቤት ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ ስድስት ቤተሰቦች እኛ ቤት ተሰበሰቡ። ቡና ተፈላ፤ ሁሉም በየፊናው ይናገራል። አንዱ ስለ ድንኳን፣ ሌላው ስለ መኪና ያወራል። ከመካከላቸው የዚያ ልጅ እናት ነበረች። ልጁ ዛሬ ወጣት ሆኗል፤ አሁን ለመሄድ የምትለምነው ታናሽ እህቱ ናት። እናቲቱ እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆይታ፣ «ኡስታዝ፣ ስለ ድንኳኑ ሰማሁ፤ ስለ ምግቡም ሰማሁ። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በዚያ ሌሊት ‹ውረዱ› የሚለው ማን ነው?» አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። መሬት መሬት አየን። በወረቀታችን ላይ ያልነበረው አራተኛው መስመር እሱ ነበርና።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሦስት ሰዎች እንኳ አብረው መንገድ ከወጡ ከመካከላቸው አንዱን አሚር እንዲያደርጉ አዝዘዋል። ይህን ሐዲስ ለተማሪዎቻችን ስንት ጊዜ አስተምረናል! በጥር 2012 ግን አሚር አልነበረንም። አምስት መምህራን ነበርን፤ አምስታችንም የምንወስን ነበርን፤ ስለዚህ ማናችንም አልወሰንንም። በዚያ ምሽት፣ ስለ ድንኳንና ስለ መኪና ከማውራታችን በፊት፣ አንድ አሚር መረጥን። በመድረሳው አንጋፋ የሆነው ወይም በዕድሜ የሚበልጠው አልተመረጠም። የተመረጠው በጤና ጣቢያ የሚሠራ፣ ቁጥብና የማይግደረደር ወንድማችን ነው። ከዚያም በደብተራችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሦስት ነገሮች ጻፍን። አንደኛ፣ አሚሩ «እንውረድ» ካለ ክርክር የለም፤ ቅሬታ ያለው ሰው ከወረድን በኋላ ይናገራል። ሁለተኛ፣ መኪናውና ሹፌሩ ሌሊቱን ሙሉ ከእኛ ጋር ያድራሉ፤ ነዳጁም ሞልቶ ያድራል። ሦስተኛ፣ ማንኛዋም እናት ወይም አባት ልጇን ወይም ልጁን ይዞ ለመመለስ ምክንያት እንዲያቀርብ አይጠየቅም።

እናቲቱ ደብተሩን ተቀብላ አነበበችው። «እንዲህ ከሆነ ልጅቷን አልከለክልም» አለች።

ከፍታን ቀስ በቀስ

ውድ አንባቢያን፣ የባሕር ዳር ሰው ደጋ ላይ የሚኖር ስለሆነ ተራራ አይከብደውም የሚል አስተሳሰብ አለ። እኛም እንዲያ አስበን ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በባሕር ዳር ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው አራት አምስተኛው ያህል፣ ማለትም ከአምስት እጁ አራቱ ነው። 3,600 ሜትር ላይ ሲደረስ ግን ሁለት ሦስተኛው ገደማ ብቻ ይቀራል። በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሰውነት ይህን ሊለምደው ይችላል፤ ግን ቀናት ይፈልጋል። ብርታትና ወጣትነትም አይከላከሉም። እንዲያውም ሮጥ ሮጥ የሚለው ወጣት ቀድሞ ይያዛል።

ሐኪሞች የሚመክሩት ከ3,000 ሜትር በላይ ሲደረስ የሚታደርበት ቦታ ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር፣ በየ1,000 ሜትሩም አንድ ቀን እንዲታረፍ ነው። ስለዚህ ዕቅዳችንን እንዲህ አወጣነው። በመጀመሪያው ቀን ጎንደር እናድራለን። በሁለተኛው ቀን 2,850 ሜትር ገደማ በሆነችው በደባርቅ እናድራለን፤ ከሰዓት በኋላ ቀለል ያለ የእግር ጉዞ እናደርጋለን። በሦስተኛው ቀን 3,250 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ሳንቃበር እንወጣለን። አራተኛውን ቀን እዚያው ሆነን የጅንባርን ፏፏቴ እናያለን፤ ጭላዳዎቹን ቁጭ ብለን እንመለከታለን። በአምስተኛው ቀን ደህና የሆነ ሰው በመኪና እስከ ጨነቅ ደርሶ፣ ዋልያ አይቶ፣ ሳይመሽ ወደ ሳንቃበር ይመለሳል። ጨነቅ ማደር የለም። በስድስተኛው ቀን እንወርዳለን። ጊችና እሜት ጎጎ የሚወስደው የእግር መንገድ ለሌላ ጊዜ፣ ልጆቹ ሲጎለምሱ፣ ይቆየን አልን።

ወላጆች ልብ ሊሉት የሚገባው ምልክት ይህ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማዞርና እንቅልፍ ማጣት ከታየ ባሉበት መቆየት እንጂ ከዚያ በላይ መውጣት አይገባም። ካልተሻለ መውረድ ነው። መንገዳገድ፣ መደናገር ወይም ተቀምጦ ሳለ እንኳ የትንፋሽ ማጠር ከታየ ግን ሌሊትም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን ወዲያው መውረድ ነው። ትንንሽ ልጆች «ራሴን አመመኝ» ማለት ስለማይችሉ ያለ ምክንያት ሲነጫነጩና ምግብ እምቢ ሲሉ መጠርጠር ይገባል። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር እናት ከመነሣታቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ። ከፍታን የሚያስለምድ መድኃኒት አለ ተብሎም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም።

ብርድ፣ ልብስና ስንቅ

ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። በባሕር ዳር በሸሚዝ የምንቀመጥበት የጥር ምሽት ሳንቃበርና ጨነቅ ላይ ውሃ የሚያረጋ ሌሊት ሊሆን ይችላል። ቀን ላይ ግን ፀሐዩ ፊትን ይልጣል። ስለዚህ አንድ ወፍራም ልብስ ከመያዝ ይልቅ ስስ ስስ ልብሶችን መደራረብ ይሻላል። ከሥር ላብ የማይዝ ልብስ፣ ከላዩ የሱፍ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ነፋስ የሚከላከል ጃኬት ይለበሳል። የጥጥ ልብስ በላብ ከራሰ ቶሎ አይደርቅም፤ ሲመሽም ሰውነትን ያቀዘቅዛል። ለሴት ልጆቻችን ከሰፊው ቀሚስ ሥር የሱፍ ሱሪ፣ ለሒጃባቸውም አንድ ወፈር ያለ መቀየሪያ አዘጋጀን። ጋቢ፣ ቡልኮና በርኖስ ዛሬም አቻ የላቸውም። አዲስ ጫማ ተራራ ላይ አይመረቅም፤ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ተደርጎ መላመድ አለበት።

አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን፤ የከሰል ምድጃ ድንኳን ውስጥ አይገባም! በከተማ ቤት እንኳ ስንቱን ቤተሰብ የፈጀ ጭስ ነው። ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው አያነቃም። ለብርዱ መድኃኒቱ ልብስ፣ ብርድ ልብስና በፕላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቶ በጨርቅ የተጠቀለለ ሞቅ ያለ ውሃ ነው።

ስንቅን በተመለከተ አያቶቻችን ከእኛ የተሻለ ያውቁ ነበር። በ3,600 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ88 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ክክና ባቄላ ቢቀቀሉ ቶሎ አይበስሉም። በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮና ተምር ግን ብዙ እሳት አይፈልጉም። ቋንጣውን ቤታችን ካረድነው ስላዘጋጀን በመንገድ ላይ ስለ እርዱ አንጨነቅም። የምንጭ ውሃ ለመጠጥ ሲፈላ ከፍታ ላይ ለሦስት ደቂቃ ያህል መንተክተክ አለበት። ከፓርኩ ውስጥ ማገዶ መቁረጥ ክልክል ስለሆነ ቡታጋዝ ይዘናል። ለጭላዳዎቹም ምንም ምግብ አይሰጥም፤ ሰው ያጎረሰው ዝንጀሮ በኋላ የሰው ጠላት ይሆናል።

ጊዜውን መምረጥም የዕቅዱ አካል ነው። ጥር 11 ሲቃረብ በጎንደር የጥምቀት በዓል ስለሚከበር ከተማዋ በእንግዳ ትሞላለች፤ ማደሪያ ይጠፋል። የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ከዚያ በኋላ ስለሚመጣ ይሻላል። ረመዷን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚገባና በነዚህ ዓመታት በበጋው ወራት ላይ ስለሚውል፣ ቀኑን አስቀድሞ በሁለቱም የዘመን መቁጠሪያ ማየት ያስፈልጋል።

ሶላትና ጠሃራ በተራራ ላይ

በ2012ቱ ጉዞ ልጆቹ በጣም የተቸገሩት በፈጅር ውዱእ ነበር። ሃይማኖታችን ግን ለመንገደኛ ያቀለለው ብዙ ነገር አለ፤ ይህን በተግባር ለማስተማር ከተራራ የተሻለ ክፍል አይገኝም። ባለ አራት ረከዓው ሶላት ወደ ሁለት ያጥራል። ውዱእ ጨርሶ ቆዳ ኹፍ ያጠለቀ መንገደኛ ለሦስት ቀንና ሌሊት እግሩን ማጠብ ሳያስፈልገው በላዩ ላይ ያብሳል። የውሃው ቅዝቃዜ የሚጎዳው ሆኖ ማሞቂያ ያጣ ሰው ተየሙም ያደርጋል፤ ሶሐባው ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) በዛቱ ሰላሲል ዘመቻ በብርድ ሌሊት ያደረገው የታወቀ ነው። ሶላትን ስለ ማጣመርና በወፍራም ካልሲ ላይ ስለ ማበስ መዝሀቦች ስለሚለያዩ ከመነሣታችሁ በፊት ኡስታዛችሁን ጠይቁ።

ስለ ቂብላም ልጆችን የሚያስደስት ነገር አለ። መካ ከጣናም ሆነ ከስሜን ሲታይ በሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብሎ ይገኛል። በጥር ወር ፀሐይ በእኩለ ቀን ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ጥላችን ወደ ሰሜን ይወድቃል። የዙህር ወቅት ገብቶ ጥላው ጥቂት ወደ ምሥራቅ ሲዘነብል የሚያመለክተው ቂብላን ነው ማለት ይቻላል። ልጃችን ይህን ከሰማች ወዲህ በየቀኑ ግቢያችን ውስጥ እንጨት ተክላ ትለካለች። ዳገት ሲወጣ ተክቢራ፣ ቁልቁለት ሲወረድ ተስቢሕ ማድረግም የሶሐቦች ልማድ ነበር፤ ለትንፋሽም ልክ ያበጃል።

የመንገዱ ጉዳይ

እስካሁን የጻፍነው ሁሉ ሰው ሊያዘጋጀው የሚችለው ነው። ሰው ሊያዘጋጀው የማይችል አንድ ጉዳይ ግን ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ስንት መንገድ እንደተዘጋና ስንት ቤት ሐዘን እንደገባ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። አንድ ሳምንት የተከፈተ መንገድ በሌላው ሳምንት ሊዘጋ ይችላል። የራሳችንን ነፍስ ለአደጋ ማጋለጥ ካልተፈቀደልን፣ የሰው ልጅ ይዘን እንዴት እንዳፈራለን?

ስለዚህ በደብተራችን አራተኛ ሕግ ጨመርን። ከመነሻው ሳምንት በፊት ሦስት ወገን እንጠይቃለን፤ በዚያ መንገድ የሚመላለሱ ሹፌሮችን፣ የፓርኩን ሰዎችና ደባርቅ የሚኖሩ ዘመዶችን። ሦስቱም «ኑ» ካሉ እንሄዳለን። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ካመነታ አንሄድም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ሳያስር በአላህ ተመክቻለሁ ላለው ሰው፣ አስቀድሞ እንዲያስራት ከዚያም በአላህ እንዲመካ መምከራቸው ለእኛም ነው።

ሳምንቱ ደረሰ። ሻንጣዎቹ ተዘጋጅተዋል፤ በሶው ተፈጭቷል። የፓርኩ ሰው «እኛ አለን» አለን። ዘመዶቻችን «ኢንሻአላህ ደህና ነው» አሉን። ሹፌሩ ግን ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እኔ ብቻዬን ብሆን እሄዳለሁ። ልጆች ጭኜ ግን አልሄድም» አለ።

አሚራችን ወዲያውኑ፣ «ዘንድሮ አንሄድም» አለ። በደብተሩ መጀመሪያ ገጽ ላይ እንደተጻፈው ክርክር አልተነሣም። ልጃችን ግን አለቀሰች፤ ደብቀን አናልፈውም። ከስሜን ይልቅ ወደምትቀርበው ጉና ብንሄድስ ያለም ነበር፤ ነገር ግን ለሩቁ መንገድ ያወጣነውን ሕግ ለቅርቡ ማጠፍ አይገባም ብለን ተውነው።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ስድስቱም ቤተሰቦች በአዲስ ጫማዎቻቸውና በሹራቦቻቸው ተሰብስበን የቤዛዊትን ዳገት በእግራችን ወጣን። ሥር ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሲጓዝ፣ ከወዲያ ደግሞ ሐይቁ ተንጣልሎ ይታይ ነበር። ልጆቹ ሲወጡ ተክቢራ፣ ሲወርዱ ተስቢሕ አደረጉ። የበሶው ስንቅ እዚያው ተበላ። የዚያ ልጅ እናት አጠገባችን ተቀምጣ ሻይ ስትጠጣ፣ «እነሆ አሁን አመንኳችሁ። የወጣችሁ ቀን ሳይሆን የቀራችሁ ቀን አመንኳችሁ» አለችን። ከ2012 ወዲህ በልባችን የነበረው ሸክም በዚያች ሰዓት ቀለለልን።

ውድ አንባቢያን፣ ደብተሩን አልጣልነውም። በቡና ረከቦት አጠገብ፣ በመደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ልጃችን በሽፋኑ ላይ የስሜንን ካርታ ሥላበታለች፤ በየማደሪያው አጠገብ ከፍታውን ጽፋለች። እናንተም ከቤተሰቦቻችሁ ጋር ዕቅድ ስታወጡ ከድንኳኑና ከመኪናው በፊት «እንመለስ» የሚለውን ሰው ምረጡ፤ ልጆቻችሁም ያንን ምርጫ ሲደረግ ይመልከቱ። ለመንገድ ያልወጣ ልጅ እንኳ ከዚያ የሚማረው ብዙ ነው።

አላህ ለአገራችን ሰላምን ያውርድልን፤ መንገዶቻችንን ያቅናልን። ስሜንንም ጉናንም ከልጆቻችን ጋር በሰላም ወጥተን በሰላም የምንወርድ ያድርገን። አሚን!

ወቢላሂ ተውፊቅ።